የእትዬ የሺን ሮማን ያደረቅሁት እኔ ነኝ

ይህን ለንስሐ አባቴ እንኳ ተናግሬ አላውቅም። ሌላውን ኃጢአቴን ስናዘዝ እዚህ ላይ ስደርስ ዘልዬው አልፋለሁ። አሁን ወልድያ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነኝ፤ ያኔ ግን መርሳ፣ እትዬ የሺ ግቢ ቤት ተከራይቼ ዐሥረኛ ክፍል እማር ነበር።

እትዬ የሺ በተቆረጠ በርሜል በራፋቸው ላይ የተከሉት ሮማን ነበራቸው። ፍሬው ከእንቁላል አይበልጥም፤ ለጌጥ ነው። «ሳሙና ያለው ውኃ እንዳታስጠጉብኝ» ብለው ተከራዮቹን ሁሉ አስጠንቅቀውናል። አንድ እሑድ ነጭ ሸሚዜን በበረኪና ዘፍዝፌ አጠብኩ። የቆሻሻ ውኃ የሚደፋበት ቦይ ከግቢው ውጭ ነው። ማንም አያየኝም ነበር። ባልዲውን በሙሉ በርሜሉ ውስጥ ደፋሁት። እኔ ደፋሁት። ለምን? ጥቂት እርምጃ መሄድ ሰልችቶኝ።

በሳምንቱ ቅጠሉ ጠወለገ፣ ጫፍ ጫፉ ተቃጠለ፣ ረገፈ። ሊጠወልግ ጥቂት ቀን ሲቀረው ከሐራ የመጡት ጎረቤታችን፣ ልብስ ሰፊዋ እትዬ ብርቄ፣ በሩ ላይ ቆም ብለው «ኧረ ይኼስ ሙሽራ ነው!» ብለው አድንቀውት ነበር።

«ሙሽራ ነው ብላ በዓይኗ በላችው» አሉ እትዬ የሺ።

እትዬ ብርቄ ይህን ሲሰሙ መጀመሪያ ሳቁ። «የኔ ዓይን? እንኳን ዛፍ ሊበላ፣ መርፌ ቀዳዳ አላሳይ ብሎኝ በሰው ልጅ አይደል የምሰፋው!» ክሩን የማስገባላቸው እኔ ነበርኩ። ቆይቶ ሳቁ ቀረ። ሲያልፉ እናቶች ሕፃናቱን በነጠላ ይሸፍኑ ጀመር። ደንበኞቻቸው ጨርቃቸውን ወደ ሌላ ሰፊ ወሰዱ። እኔስ? ፈተና ደረሰብኝ ብዬ ክር ማስገባቱን ተውኩ። በእኔ ጥፋት የተጠሉትን ሴት እኔም ሸሸኋቸው።

ይልቅስ ዛፉን ማስታመም ያዝኩ። እሱ ከዳነ ወሬውም ይጠፋል ብዬ ራሴን አታለልኩ። የደረቀውን ቅርንጫፍ ቆረጥኩ፤ ሥሩን በንጹሕ ውኃ አጠብኩ፤ ከወንዝ ዳር አፈር በጆንያ ተሸክሜ የበርሜሉን አፈር ለወጥኩ፤ ከፀሐይ በማዳበሪያ ከረጢት ጋረድኩት። ጠዋት ጠዋት ቅርፊቱን በጥፍሬ ጫር አድርጌ ከሥሩ አረንጓዴ መሆኑን አያለሁ።

«አፈሩ እንደሆነ በምን አወቅሽ?» አሉኝ አንድ ቀን እትዬ የሺ።

ያን ጊዜ መናገር እችል ነበር። አፌን ከፍቼም ነበር። «ባዮሎጂ ተምረን ነው» አልኩ።

«ተባረኪ የኔ ልጅ! ከዓይን ያስጣልሽው አንቺ ነሽ።»

ዛፉ ባገገመ ቁጥር እኔ እመሰገናለሁ፣ እትዬ ብርቄ ይታማሉ። አዲስ ቅጠል ባወጣ ሰሞን የስፌት መኪናቸውን በባጃጅ ጭነው ወደ ሐራ ተመለሱ። እኔ ወንበራቸውን ተሸከምኩላቸው። «በርቺ፣ ተማሪዬ» አሉኝ። ያን ቀንም ዝም አልኩ።

ልጅ ነበርኩ ልበል? ልጅነት ባልዲውን መድፋቴን ያስረዳ ይሆናል። ዝምታዬን ግን አያስረዳም፤ በየቀኑ እያወቅሁ ነው ዝም ያልኩት። እናንተን ይቅር በሉኝ አልልም፤ ከእናንተ መቀበሉ ይቀለኛል። ይቅርታው የእትዬ ብርቄ ነው። እሳቸው ዘንድ ከመድረሴ በፊት ደግሞ እትዬ የሺ በር ላይ ቆሜ፣ ጎረቤቶቹ እየሰሙ፣ ያደረግሁትን መናገር አለብኝ። ከዚህ መርሳ በመኪና አንድ ሰዓት ቢሆን ነው።

እስከ ዛሬ አልሄድኩም።