በርሜል ውስጥ የከተትኳቸው ሰንሰለቶች

ባለፈው ሳምንት ጎረቤቴ አጥሩ ጥግ የቆመውን ባሕር ዛፍ ሊያስቆርጥ የሞተር መጋዝ ያለው ሰው ቀጥሮ አመጣ። ሰውየው መጋዙን ከጆንያ አወጣ፤ መለዋወጫ ሰንሰለቱን ደግሞ ከሽንኩርት ጋር ካጨቀበት ፌስታል ጎትቶ ሲመዘው አየሁና ደሜ ፈላ። ሚስቴ «ምን ሆንክ? በሰው ሰንሰለት ምን አገባህ?» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ አያገባኝም። ግን የተቃጠለ ዘይትና ሰጋቱራ ሲሸተኝ፣ ኮምቦልቻ ቤቴ ደጃፍ ቆሜ ሐሳቤ ጅዳ ይሄዳል። እዚያ ደግሞ ሰይድን ያገኘዋል።

ፔትሮሚን በጅዳ ደቡብ ያለ፣ ጋራዥና መጋዘን የበዛበት፣ ከባሕር የሚመጣው ነፋስ እንኳ ግራሶ ግራሶ የሚሸትበት ሰፈር ነው። አቡ ናስር የሚባል ሽማግሌ ሳዑዲ እዚያ የሞተር መጋዝ የሚጠግንበትና የሚያከራይበት ወርሻ ነበረው። ደንበኞቹ በመካ ዙሪያ የቴምር እርሻ ያላቸው ሰዎች ናቸው። ሠራተኞቹ ሦስት ነበርን፤ ሦስታችንም የወሎ ልጆች። እኔና አሊ በየመን በኩል በጀልባ የገባን፣ ኢቃማ የሚባለውን የመኖሪያ ወረቀት በሕልማችንም ያላየን ነን። አለቃችን ሰይድ ኢቃማ ነበረው፤ ግን ከፊሉ፣ ማለት ኢቃማውን ያወጣለት አሠሪ፣ ሌላ ሰው ስለሆነ፣ አቡ ናስር ዘንድ ሲሠራ ከተገኘ እሱም አይተርፍም፣ አሠሪውም ይቀጣል።

ዕቃ ቤቱ የእኔ ሥራ ነበር። መጋዝ ከእርሻ ሲመለስ ቤንዚኑን አወጣለሁ፣ ሰጋቱራውን በቀለም ብሩሽ እጠርጋለሁ፣ ሰንሰለቱን ፈትቼ በናፍጣ አጥቤ ዘይት አጠጣዋለሁ። ሰንሰለቱ የሚዞርበትን ረጅም ብረት ምላስ እንለው ነበር። የእያንዳንዱን ምላስ ቅርጽ ግድግዳው ላይ በነጭ ቀለም ስዬ፣ ሥሩ ሚስማር መትቼ፣ የራሱን ሰንሰለት አንጠለጥልበታለሁ። ለማያውቀው ሰንሰለት ሁሉ አንድ ነው። ጥርሱ፣ ርዝመቱ፣ ውፍረቱ ግን ይለያያል፤ የአንዱን ለሌላው ብትሰጠው ወይ አይገባም፣ ወይ አይዞርም። ሞረዶቹን በየውፍረታቸው በወተት ጣሳ አቆማለሁ፤ ካንዴላዎቹ ብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ይተኛሉ። ዛሬም እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ያንን ግድግዳ ከዳር እስከ ዳር በሐሳቤ አየዋለሁ።

ሰይድ ከዚህ አንዱንም አያውቅም። ወሬ ግን ያውቃል። አቡ ናስር ብቅ ሲል ቀድሞ ግድግዳው ሥር ይቆምና፣ «ከእኔ እጅ በቀር ሰንሰለቱን ማንም አይነካም» ይለዋል። ሽማግሌው «ማሻአላህ» እያለ ትከሻውን ይመታዋል። አሊ ሳቁን ለማፈን ታሚስ ዳቦውን በፉል እያጠቀሰ አፉን ይሞላ ነበር።

«ተወው ይመር» ይለኛል በኋላ፣ «ሙገሳ አይበላ!»

እኔም እስቅ ነበር። ያኔ ምን አውቄ።

በዚያ ዓመት ወረቀት ለማስተካከል የተሰጠው ጊዜ አለቀና ፍተሻው ጀመረ። የጅዳ ሙቀት የሚበርድበት፣ ሰው ደጅ ወጥቶ ሻይ የሚጠጣበት ወራት ነበር፤ ከእኛ ሰው ግን ደጅ የሚቀመጥ ጠፋ። ሩዋይስ ሰፈር ያሉት የአገራችን ልጆች በራቸውን ከውጭ አስቆልፈው ውስጥ ይውሉ ጀመር። እኛም ተማማልን። ዕቃ ቤቱ ከውስጥ የሚቀረቀር የብረት በር አለው። ፈታሾች ሲመጡ ሦስታችንም ገብተን እንዘጋለን፤ ሦስታችንም ሳንገባ ግን መቀርቀሪያው አይነካም። ይህን ቃል በአላህ ስም ያስገባን ራሱ ሰይድ ነው።

አንድ ረፋድ አሊ ጓሮ ሆኖ መጋዝ ሲያጥብ፣ እኔ ዕቃ ቤት ሞረድ ሳስተካክል፣ የመኪና በር ሲዘጋና በዓረብኛ ሲጮህ ተሰማ። ሰይድ ሮጦ ገባ። ገብቶም በሩን ቀረቀረው።

«አሊ አልገባም!» አልኩት።

«ዝም በል!»

አሊ ደረሰ። በሩን በመዳፉ መታው። «ይመር! ሰይድ! እኔ ነኝ፣ ክፈቱ!»

መቀርቀሪያውን ልስብ ስል ሰይድ በሩ ላይ በጀርባው ተለጠፈና በአንድ እጁ አፌን አፈነኝ። የእኔን ሁለት እጥፍ የሚያክል ሰው ነው። ጆሮዬ ሥር እንዲህ አለኝ፦ «ያንኳኳ። አንድ ሰው ካገኙ ይበቃቸዋል፤ ይሄዳሉ።»

አውራ ጣቱን ነከስኩት። አጥንቱ እስኪሰማኝ ነከስኩት፤ አልለቀቀኝም። ውጭ ማንኳኳቱ ቆመ። አሊ ፈታሾቹ ወደ በሩ እንዳይመጡ ብሎ፣ እጁን አንስቶ ራሱ ወደ እነሱ ሄዶ ኖሯል። «ኢቃማ የለኝም» ሲላቸው ሰማሁት። መኪናው ሄደ። ሰይድ እንዳለው ሌላ ሰው አልፈለጉም።

ሰይድን በጉልበት አልችለውም። ግን አቡ ናስር በዚያ ሁሉ ፍተሻ መካከል የሌላ ሰው ሠራተኛ ማስጠጋትን ለምን እንደደፈረ አውቅ ነበር፤ ሰንሰለቱን ከሰይድ በቀር የሚያውቅ የለም ብሎ ስላመነ ነው። ሰይድን ከልሎ የያዘው የእኔ ግድግዳ ነበር እንግዲህ። ጁምዓ ሰይድ ለሶላት ሲወጣ ጠብቄ ዕቃ ቤት ገባሁ። ሰንሰለቶቹን ከየሚስማራቸው አውርጄ፣ አሮጌ ዘይት ያለበት በርሜል ውስጥ ከትቼ በዱላ እንደ ገንፎ አማሰልኳቸው። ሞረዶቹን ደባለቅኩ። ምላሶቹን አንድ ላይ ከመርኩ። የግድግዳውን ነጭ መስመር በናፍጣ በራሰ ጨርቅ ፈትጌ አጠፋሁት። የገዛ ሥራዬን ሳፈርስ ይቆጨኛል ብዬ ነበር፤ እንዲያውም እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ ሠርቼ አላውቅም።

ቅዳሜ ጠዋት አቡ ናስር ከመካ የመጣ ደንበኛ ይዞ ደረሰ። ሰውየው የደረቁ ዘንባባዎቹን ለማስቆረጥ ብዙ መጋዝ ይፈልጋል፤ ቸኩሏልም።

«ያላ ሰይድ፣ አምጣ!»

ሰይድ በሩን ከፍቶ ደርቆ ቀረ። ከዚያ እጁን እስከ ክርኑ በርሜሉ ውስጥ ነከረ። አንዱን ሰንሰለት ሲስብ ሌላው ተያይዞ ይመጣል፤ አንዱን ሲያስገባ ይጠባል፣ ሌላው ይረግባል። ሸሚዙ ጠቆረ። እኔ ጥግ ይዤ ቆሜ እያንዳንዷን ደቂቃ አጣጣምኩ።

«እሱ ነው ያደረገው!» ብሎ ጠቆመኝ።

አቡ ናስር ጢሙን ጨበጠ። «ከእጄ በቀር ማንም አይነካውም ስትለኝ አልነበር? ወይ ያኔ ዋሽተሃል፣ ወይ አሁን ትዋሻለህ። ለአንተ ብዬ አልቀጣም። ኸላስ፣ ውጣ!»

ወደ እኔ ዞሮ ሲጠይቀኝም፣ «ሙዲሩ፣ አለቃው እሱ ነው፤ እኔ ምን አውቃለሁ?» አልኩት።

ሰይድ ዋናው መንገድ ሳይደርስ ተያዘ አሉ፤ ኢቃማውን ቢያሳይም፣ በዘይት የጠቆረው ሸሚዙ ከከፊሉ ውጭ እንደሚሠራ አጋለጠው። እኔም ከዚያ በኋላ ፔትሮሚን አስጠላኝ፤ ከአሊ ጋር አገሬ ልግባ ብዬ እጄን ሰጠሁ።

ሹመይሲ፣ ከአገር የሚባረር ሰው የሚታጎርበት ግቢ፣ ጅዳን ከመካ በሚያገናኘው መንገድ ላይ ነው። ኢሕራም የሚባለውን የመካ ተጓዥ ነጭ ልብስ የለበሱ ሰዎችን የጫነ አውቶቡስ በዚያው መንገድ ወደ መካ ያልፋል፤ እኛ መካ ደጃፍ ደርሰን ወደ ኋላ ልንመለስ ተሰብስበናል። አዳራሹ ውስጥ አሊን አገኘሁት። ጎኑ፣ የአሊ ብርድ ልብስ ላይ፣ ሰይድ ተቀምጧል!

«ይመር! አልሐምዱሊላህ!» አሊ አንገቴ ላይ ተጠመጠመ። «ሰይድ ነገረኝ እኮ። መቀርቀሪያው እምቢ ብሏችሁ ነው። ሊከፍትልኝ ሲታገል እጁ ምን እንደሆነ እየው!»

ሰይድ በጨርቅ የታሰረ አውራ ጣቱን ወደ ደረቱ ሰበሰበ። የእኔ ጥርስ ነው እኮ! አፌን ከፈትኩ። ግን የአሊን ፊት አየሁት። ወንድሞቼ ትተውኝ ነው እያለ ሲያለቅስ ሰንብቶ፣ የሰይድን ወሬ ሰምቶ ያን ቀን ገና እህል መቅመሱ ነበር። ዋጥኩት፤ ለአሊ ብዬ እንጂ ለሰይድ ብዬ አይደለም። አውሮፕላን ልንሳፈር ሰው ሁሉ አውፍ፣ ይቅር በለኝ ሲባባል፣ ሰይድ እጁን ዘረጋልኝ። ጀርባዬን ሰጠሁት።

ዛሬ ሰይድ ደሴ ላይ የታወቀ ነጋዴ ነው። አምና ሐጅ ሊሄድ ሲነሳ፣ በእኛ አገር ወግ የሰው ሐቅ ይዞ መሄድ የለምና፣ በየሰዉ ቤት እየዞረ አውፍ ይጠይቅ ጀመር። እኔ ዘንድ የመጣው አሊን አማላጅ አድርጎ ነው።

«ወንድሜ፣ አውፍ በለው» አለኝ አሊ። «በምን እንደተቀየምከው እንኳ አላውቅም። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ነው።»

ሰይድን ትክ ብዬ አየሁት። «ለአሊ እውነቱን ንገረው። አሁን፣ እዚሁ። ያኔ አውፍ እልሃለሁ።»

ሰይድ አቀርቅሮ የምንጣፉን ዘርፍ ይቆነጥር ጀመር።

«የቱን እውነት?» አለ አሊ።

«ከመካ ሲመለስ ይነግርሃል» አልኩት።

ሄደ፤ ተመለሰም። ሰው ሐጂ ሰይድ ይለዋል፤ እኔ ሰይድ ነው የምለው። አሊ እስከ ዛሬ አያውቅም። «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ» ይባላል፤ የእኛ ተገላቢጦሽ ነው፤ የተወጋው መወጋቱን ሳያውቅ፣ ያየሁት እኔ አልረሳ አልኩ። ሚስቴ ልብህ ደንድኗል ትለኛለች። ይሆናል። የአሊን አውፍ በውሸት ወሰደ፤ የእኔን ግን ያለ እውነት አያገኛትም። በየሶላቴ ለሰይድ ዱዓ አደርጋለሁ። ያ ረቢ፣ ዕድሜ ስጠው እላለሁ፤ ለአሊ ሳይናገር እንዳይሞትብኝ።