መኳንንቱ የተቀመጡበት ሶፋ

የሰው ፊት የታተመበት ትራስ ላይ ጉንጫችሁን አሳርፋችሁ ታውቃላችሁ? ባለፈው ሳምንት ለማስተምርበት ክፍል መጋረጃ ልገዛ እዚህ አሜሪካ፣ ሳን ሆዜ ውስጥ አንድ ጨርቅ ቤት ገብቼ ነበር። ቬልቬቱን በእጄ ስዳብስ ያ አቧራ አቧራ የሚል የአዲስ ቬልቬት ሽታ መጣብኝ። ሻጯ "ሜይ አይ ሄልፕ ዩ?" ስትለኝ እኔ ሱቁ ውስጥ አልነበርኩም። ኦክላንድ ነበርኩ፤ ዘጠናዎቹ ውስጥ፣ ሁለተኛ ክፍል።

በቅደም ተከተል ላስረዳ። አባቴን እንደ እናት ሆና ያሳደገችው ታላቅ እህቱ ከአዲስ አበባ ልትመጣ ነው። አባቴ ኦክላንድ፣ አጎቴ ሳን ሆዜ ስለሚኖሩ፣ ሁለቱንም ቤት አይታ የምትኖርበትን እንድትመርጥ ወንድማማቾቹ ተስማምተዋል። እናቴ ሆስፒታል ከቀትር በኋላ የሚጀምር የማታ ፈረቃ ትሠራ ነበር፤ አባቴ ታክሲ ላይ ይውላል። ከትምህርት ቤት ስመለስ ቤቱ ባዶ ነው። ስለዚህ አክስቴ እኛን እንድትመርጥ ከማንም በላይ የምመኘው እኔ ነበርኩ።

እናቴ ቤቱን ለማሳመር ተነሳች። ሳን ፍራንሲስኮ አንዲት ሩሲያዊት አሮጊት ሱቋን ስትዘጋ፣ የድሮ የሩሲያ መኳንንት ምስል የታተመባቸው የቬልቬት የሶፋ ትራሶች ገዝታ መጣች። አባቴ ወጣት ሳለ ሩሲያ ስለተማረ ደስ ይለዋል ብላ ነው። ጢማቸው ደረታቸው ላይ የወረደ፣ የወርቅ ጥልፍ ካባ የደረቡ መሳፍንት፤ ዕንቁ በዕንቁ የሆነች ልዕልት፤ ሁሉም ዓይናቸው ትልልቅ፣ ከኋላቸው ወርቃማ ቀለም። ከሰዓት በኋላ ጭጋጉ ሲገለጥ ፀሐይ በመስኮት ትገባና ፊታቸውን ተራ በተራ ታበራዋለች።

አክስቴ መጣች። ሶፋው ጫፍ ላይ ቀጥ ብላ ተቀመጠች።

"ደገፍ ይበሉ እንጂ፣ እትዬ!" ትላታለች እናቴ።

"ተመችቶኛል፣ የኔ ልጅ።"

ስትነሳም ስትቀመጥም ወደ ትራሶቹ ዞራ ጎንበስ ትላለች። ወገቧን አሟት ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን ልዕልቷ ያለችበት ትራስ ላይ ተጋድሜ እንቅልፍ ሊወስደኝ ሲል፣ ራሴን በሁለት እጇ ቀስ አድርጋ አንስታ ጭኗ ላይ አሳረፈችው። "እዚህ ተኚ፣ እናቴ።" ከዚያ ወዲያ ከትምህርት ቤት ስመለስ እንቅልፌ እዚያ ሆነ። የነጠላዋ የሳሙና ሽታ፣ ከሩቅ የሚያልፈው ባቡር፣ ፀጉሬን የሚዳብሱት ጣቶቿ። እኛን መርጣለች አልኩ በልቤ።

ከዚያ አጎቴ "ተራው የኔ ነው" ብሎ ወሰዳት። ልንጠይቃት ስንሄድ ትልቅ የቆዳ ሶፋ ላይ ጀርባዋን ጥላ፣ እግሯን ዘርግታ ስታንኮራፋ አገኘናት። የአጎቴ ልጅ በጆሮዬ "ሺ ስቴይስ ዊዝ አስ፤ እኛ ጋ ነው የምትቀረው" አለችኝ።

አክስቴ ስትነቃ እናቴ፣ "እኛ ቤት አንድ ቀን እንኳ እንዲህ አልተኙም፣ እትዬ" አለቻት።

"ቅዱሳኑን ተደግፌ እንዴት እንቅልፍ ይወስደኛል?"

"የትኞቹን ቅዱሳን?" አለ አባቴ።

"ሶፋችሁ ላይ የደረደራችኋቸውን ነዋ!"

አባቴን ሳቅ አፈነው። "መኳንንት ናቸው እኮ! የሩሲያ ባላባቶች!"

"ኧረ በሞቴ! ለባላባት ነው ስሰግድ የከረምኩት?"

"አሜሪካ ድረስ መጥተው ለሩሲያ ገበሩ!" አለ አጎቴ። ቤቱ በሳቅ ተናጋ። እናቴ ብቻ አልሳቀችም።

"ምነው አንድ ቀን ቢነግሩኝ፣ እትዬ?"

"በገዛ ቤትሽ ይኼን አንሺ እንዴት ልበልሽ? ደግሞ ስትኮሪባቸው አያለሁ።"

"ዛሬውኑ አነሳቸዋለሁ። ይመለሱልን።"

አክስቴ እጇን ያዘቻት። "አሁንማ እዚህ ለመድኩ። ቤተ ክርስቲያኑም በእግሬ ነው።"

በማግስቱ ከትምህርት ቤት ስመለስ፣ እሷ ትቀመጥበት በነበረው የሶፋ ጫፍ ላይ እንደሷ ቀጥ ብዬ ተቀመጥኩ። ከዚያ ሲታይ ቤቱ ሌላ ነው፤ በሩ ቅርብ ነው፣ መስኮቱ ሩቅ። ጭኔን አየሁት። በጣም ትንሽ ነበር።

ለተማሪዎቼ የቤት ሥራ መስጠት ስለለመደብኝ ለእናንተም ልስጥ። ከቤታችሁ የሄደ ሰው ይቀመጥበት የነበረውን ቦታ ፈልጉና፣ እሱ ይቀመጥ እንደነበረው ተቀመጡ። ቶሎ አትነሱ። ቤታችሁን ከዚያ ሆናችሁ እዩት።