ለሆዴ የተደገሰ ቅበላ

እኔ ስወፍር ደብረ ማርቆስ ውስጥ የተከፋ ሰው አልነበረም። መንገድ ላይ ያገኘኝ ሁሉ «ወፈርሽ፣ አማረብሽ!» ይለኛል። እናቴ አጠገቤ ካለች ምስጋናውን የምትቀበለው እሷ ናት። «ተመስገን ነው» ትላለች፣ የእጇን ሥራ እንዳደነቁላት ሁሉ። እውነትም የእጇ ሥራ ነበርኩ። ሕፃን ሳለሁ ክፉ ዘመን አልፎብን፣ አንገቴ እስኪቀጥን ከስቼ ነበር አሉ። ከዚያ ወዲህ ሳህኔን ባዶ ማየት አትችልም።

ነገሩን ያበላሸው ስኳር ነው። ልብስ ሰፊ ነኝ፤ የምኖረው በዓይኔ ነው። አንድ ቀን መርፌ ላይ ክር ማስገባት አቃተኝ። መነጽር ቀየርኩ፣ አምፖል ቀየርኩ፣ ክሩን ሰደብኩ። ሐኪም ቤት ስሄድ ስኳሩ ዓይኔን እየጎዳው መሆኑን፣ ክብደቴ ካልቀነሰ ደግሞ እንደሚብስ ነገሩኝ። በጣም ፈራሁ። መጾም እንደሁ እጾማለሁ፤ ከዓመቱ ከግማሽ በላይ እየጾምኩ መወፈሬ የንስሐ አባቴን እንኳ ግራ ያጋባቸው ነበር። እኔን ግን አላጋባኝም። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ታግሼ፣ ከዘጠኝ በኋላ የቁርሱንም የምሳውንም ዘይት በጠገበ ሽሮ አወራርድ ነበር።

ክብደት ለሚቀንስ ቀዶ ጥገና ወደ አዲስ አበባ ላኩኝ። እዚያ ያየኝ ወጣት ሐኪም ወረቀት ላይ ጨጓራ ስሎ አስረዳኝ። አንደኛው ቀዶ ጥገና «ስሊቭ» ይባላል፤ አብዛኛው ጨጓራ ተቆርጦ ይወጣና የቀረው እንደ ቱቦ ጠቦ ይሰፋል። ሁለተኛው «ባይፓስ» ነው፤ ከጨጓራው አናት ትንሽ ኪስ ትለይና ከአንጀት ጋር ትገጠማለች። የቀረው ጨጓራ ምግብ ሳያልፍበት እዚያው ይቀመጣል። ቫይታሚን ግን ዕድሜ ልክ መዋጥ አለ።

«ለስኳርዎ ሁለተኛው ይሻላል። የመጀመሪያውም ይሆናል፤ ያስቡበት» አለኝ።

ልቤ ያደላው ወደ መጀመሪያው ነው። ቆርጦ ማጥበብ የማውቀው ሥራ ነው። ስሊቭ ማለት እጅጌ ማለት መሆኑን ሲነግረኝማ ባዕድ አገር ዘመድ ያገኘሁ መሰለኝ።

እኛ ዘንድ «ያስቡበት» ማለት ዘመድ ይሰብሰብ ማለት ነው። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ቤቱ ሞላ። ከአማኑኤል ከተማ የመጣው አጎቴ «እግዜር የሠራውን መንገድ ማዞር ምን የሚሉት ነው? ይቆረጥና ትገላገል» አለ። የሉማሜዋ አክስቴም ባይፓሱን አልወደደችውም። «ዕድሜ ልክ ክኒን ስትውጥ እየታየች ማን ያገባታል?» አለች። ባሌን ከፈታሁ ቆይቷል፤ ሌላም አላማረኝም፤ ግን የጠየቀኝ የለም። ከእኔና ከእናቴ በቀር ሁሉም ተናገረና ስሊቭ እንዲሆን ተወሰነ። እናቴ ጥግ ይዛ ነጠላዋን ትቋጫለች።

ተነሥተው ሊሄዱ ሲሉ አጎቴ አንድ ነገር ትዝ አለው። «ጾም ሲገባ ቅበላ አለ። ሆድ ሲቆረጥስ ቅበላ የለውም?»

ጉድ የፈላው ያኔ ነው። ሐኪሙ ከቀዶ ጥገናው በፊት በስብ ያበጠው ጉበቴ እንዲቀንስ ጥብቅ አመጋገብ አዞኝ ነበር። ዘመዶቼ ግን ወጉን የማያውቅ የከተማ ልጅ ነው አሉት። ሉማሜ ዶሮ ተሠራልኝ። አማኑኤል በግ ታረደ። የሮብ ገበያ ከተማ ዘመዶቼም ቅር ይለናል ብለው በቅቤ የራሰ የገብስ ገንፎ አቀረቡ። ሁሉም እንደ መንገደኛ እያዩኝ ያጎርሱኛል፤ አክስቴ እያጎረሰችኝ አለቀሰች። እምቢ ማለት ነበረብኝ። እውነቱን ለመናገር ግን ጣፈጠኝ።

በቀጠሮዬ ቀን ሚዛን ላይ ስወጣ ነርሷ ሚዛኑን ሁለት ጊዜ አየችው። ሐኪሙም በአልትራሳውንድ አየኝና «ጉበትዎ ጭራሽ ብሶበታል፤ እንዲህ ሆነው አልነካዎትም» አለ። ምን እንደተፈጠረ ሲጠይቀኝ ቅበላ ነበር አልኩት።

«ለየትኛው ጾም?» አለኝ፣ ከልቡ ግራ ገብቶት።

ማርቆስ ስመለስ እናቴ ወሬውን ሰምታ ፊቷ በራ። «እግዜር አልፈቀደም ማለት ነው» ብላ የቋንጣ ፍርፍር አቀረበችልኝ። ያን ጊዜ ደሜ ፈላ።

«እማዬ፣ ዓይኔ እየጠፋ ነው እኮ! እያበላሽ ልትገይኝ ነው?»

ሳህኑን ይዛ እንደቆመች ቀረች። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ሆድሽን ቆርጠው ሲጥሉት እኔ ምንሽ ሆኜ እቀራለሁ?» አለችኝ።

ለካ ያን ሁሉ ጊዜ ዝም ያለችው ፈርታ ኖሯል። ተናድጄባት ሳለሁ አንጀቴን በላችው። አጠገቤ ቁጭ አለችና፣ ከሁለቱ ምንም ተቆርጦ የማይጣልበት የትኛው እንደሆነ ጠየቀችኝ። ሐኪሙን ራስሽ ጠይቂው ብዬ ይዣት አዲስ አበባ ሄድኩ።

«ልጄ፣ ከገላዋ ምንም የማይጥለው የትኛው ነው?» አለችው።

«ባይፓሱ ነው እማማ። ምንም አይወጣም፤ ጨጓራው እዚያው ሆድዋ ውስጥ ይቀመጣል።»

«እንግዲያው እሱን አድርግላት።»

ሐኪሙ ወደ እኔ ዞረ። እኔም እሱኑ አልኩ። እሷ ስለ ጨጓራዬ፣ እኔ ስለ ዓይኔ ብለን አንድ ነገር መረጥን። ሐኪሙም ቀድሞውንም ይሻላል ያለው እሱን ነበርና ወረቀቱን ቶሎ ፈረመልን።

ዳግመኛ ጥብቁን አመጋገብ ስጀምር እናቴ በር ጠባቂ ሆነች። አጎቴ ማር ይዞ ሲመጣ «ሱባኤ ገብታለች» ብላ ከደጅ መለሰችው። ማሩን ግን ተቀበለችው።

ቀዶ ጥገናው በሰላም አለፈ። ውኃ ከለመድኩ በኋላ አጥሚት የመሰለ ቀጭን ሾርባ ተፈቀደልኝ። እናቴ አልጋዬ ጫፍ ተቀምጣ፣ በሻይ ማንኪያ፣ እፍ እያለች ትሰጠኝ ጀመር። ጥቂት እንደቀመስኩ ሌላ ልትጨምርልኝ የዘረጋችው እጇ መንገድ ላይ ቆመ። ዓይን ዓይኔን አየችኝ።

«በቃሽ?» አለችኝ።

ከተወለድኩ ጀምሮ ይህን ጠይቃኝ አታውቅም። እንባዬ መጣ።

«በቃኝ፣ እማዬ።»

ማንኪያውን አስቀመጠችና የተረፈውን ሾርባ ራሷ ጠጣችው።