እናቴ በሁዳዴ የረሃብ አድማ መታች

እናቴ ስታኮርፍ ቤቱ ሁሉ ያውቃል። የድስት ክዳን ይንኳኳል፣ ነጠላው ፊት ላይ ይሳባል፤ "ምነው እማዬ?" ሲሏት "ምንም!" ትላለች። በዚያች "ምንም" ውስጥ ስንት ነገር እንዳለ የማውቀው እኔ ነኝ። ያን ሰሞን ግን በሌላ መንገድ መጣችብን፣ እኛም ሳናውቅላት ቀረን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ስፖንሰር አድርገን ቶሮንቶ ካመጣናት ጀምሮ የምንኖረው ቶርንክሊፍ ፓርክ የሚባል ሰፈር፣ ከፎቆቹ በአንዱ ነው። ባሌ የሚሠራው ከከተማው ሌላ ጫፍ ኢቶቢኮ፣ ኤርፖርቱ አጠገብ ያለ ዌርሃውስ፣ የዕቃ መጋዘን ውስጥ ነው። በአውቶቡስና በባቡር መመላለሱ አንገሸገሸውና እዚያው ቅርብ ቤት ልንከራይ ተስማማን። ጓሮ ያለው ቤት! ልቤ ቅቤ ጠጣ። እናቴን ማን ጠየቃት? ማንም።

እሷ ደግሞ እዚህ ጓደኛ አለቻት። ፊት ለፊታችን የሚኖሩ ህንዳዊት አሮጊት ናቸው። የጋራ ቋንቋ የላቸውም። እናቴ በአማርኛ ታወራለች፣ እሳቸው በራሳቸው ያወራሉ፣ ሁለቱም ይስቃሉ። ምን እንደሚያስቃቸው አንድዬ ይወቀው። የሴትየዋ ግድግዳ ላይ የአንድ ከሲታ ሽማግሌ ፎቶ ተሰቅሏል፤ ክብ መነጽር፣ ምርኩዝ፣ ነጭ ኩታ። እናቴ ባሕታዊ መስለዋት በገባች ቁጥር እጅ ትነሳለች።

ማን እንደሆኑ የነገረቻት ልጄ ናት። እዚሁ የተወለደች፣ አማርኛዋ ግማሹ እንግሊዝኛ የሆነ። ትምህርት ቤት ስለ ሰውየው ፕሮጀክት ሠርታ ነበርና "እማማ፣ ፕሪስት አይደለም፣ ሎየር ነው" ብላ ጀመረችላት፤ ቄስ ሳይሆኑ ጠበቃ ናቸው ማለቷ ነው። እንግሊዞች አገራቸውን ይዘውባቸው ሳለ ጥይት ሳይተኩሱ እንደታገሏቸው ነገረቻት። ጨው እንዳይሠሩ ሲከለከሉ ሰዉን አስከትለው ባሕር ድረስ በእግራቸው ሄደው ጨው አነሱ። የሚለብሱትን ራሳቸው ፈተሉ። ሲያስሯቸው እየሳቁ ገቡ። ወገኖቻቸው እርስ በርስ ሲጋደሉ ደግሞ እስክትታረቁ እህል አልቀምስም ብለው ተኙ። እናቴ አፏን በእጇ ይዛ ሰማች።

"ሳይበሉ? ማንንም ሳይመቱ? ኋላ አሸነፉ?"

"የስ፣ እማማ።"

"ወይ ጉድ! እኔ እኮ ይሄን ሙያ ስሙን ሳላውቀው ስሠራበት ኖሬያለሁ!"

በማግስቱ አድማዋን ጀመረች። ለማንም አልተናገረችም፤ በሷ ቤት እኛው እናስተውላለን። ግን የኔ እናት፣ ወቅቱ ሁዳዴ ነው! ጠዋት ድሮም አትበላ፣ ቀን እኔ ሥራ ነኝ። ማታ ሽሮዋን ሳቀርብላት "አልፈልግም" ብላ ፊቷን አዞረች። ባሌ በአድናቆት ራሱን ነቀነቀ። "እማማ ዘንድሮስ በረቱ! እባክዎ ለኔም ይጸልዩልኝ" አላት። በሚቀጥለው ማታም ያው። ልጄ ጭራሽ "እማማ ሶ ሆሊ!" ብላ ጉንጯን ሳመቻት።

በመጨረሻ ፈነዳች። "እናንተ ሰዎች! ኢቶቢኮ አልሄድም ብዬ አኩርፌ እኮ ነው! በረሃብ አንጀቴ ታጥፏል፣ እናንተ ጸልዪልን ትሉኛላችሁ?"

በሳቅ ፍርስ አልን። እሷ ግን አልሳቀችም። "ሳቁ! እኚያ አባትም ሁዳዴ ላይ ቢጀምሩት ኖሮ እንግሊዝ ባላወቀላቸው ነበር!" ብላ ሽሮውን ሙልጭ አድርጋ በላች። እኔም ወግ አይቅርብኝ ብዬ ተቆጣሁ። "እማዬ፣ ነገሩ አልቋል፣ እንደ ልጅ አትሁኚ!" አልኳት።

ቅዳሜ ቤት ከመቀየራችን በፊት ልንሸጠው ያወጣነውን ሶፋ ሊገዛ ኮል ያደረገ ሰውዬ መጣ። ከኋላዬ አስከትዬው ሳሎን ስገባ እናቴና ህንዳዊቷ ሶፋው ላይ ተደላድለው ቁጭ ብለዋል።

"እማዬ፣ ተነሺ እንጂ!"

"አልነሳም።"

አልጮኸች፣ አልተቆጣች። ሰውየውን በእጇ ጠርታ መሃላቸው አስቀመጠችው። ህንዳዊቷ ከቤታቸው ያመጡትን ጣፋጭ ዘረጉለት። እርር ድብን አልኩ። ሰውየው ግን ደጋግሞ በላና "ይሄ ሶፋ እንኳ የሚሸጥ አይመስልም" ብሎኝ እየሳቀ ወጣ። ባሌ ጓዳ ገብቶ ሲንፈቀፈቅ ይሰማኛል።

ጎረቤታችን ወደ ቤታቸው ሲገቡ አጠገቧ ተቀመጥኩ። "እማዬ፣ እዚያም እኮ ሐበሻ ሞልቷል። ብቻሽን አትሆኚም።"

"እኔማ ምን እሆናለሁ?" አለችኝ። "ማታ ማታ አንቺ ትገቢልኛለሽ፣ ልጅቷ ትስመኛለች፣ ባልሽ ያሾፍብኛል። የጓደኛዬ ልጅ ግን ከሥራ የሚመጣው ከተኛች በኋላ ነው። ቀን ሙሉ በሯን የሚያንኳኳ ከኔ በቀር ሰው የላትም። እኔ ስሄድ ማን ያንኳኳላታል?"

ያን ሁሉ ረሃብ ለራሷ የተራበች መስሎኝ ነበር። ባሌ ሳቁን ትቶ ከጓዳ ብቅ አለ። "እማማ፣ አውቶቡሱን ለምጄዋለሁ" አላት። ይሄን ሰው ያገባሁበትን ቀን መረቅሁ። ደስታው እንባ ሆኖ መጣብኝ፣ አልደበቅሁትም።

የኢቶቢኮውን ቤት ላሳየን ሰው ደውዬ "ይቅርታ፣ አንመጣም" አልኩት። ምክንያቱን ሲጠይቀኝ እናቴ ተነስታ ነጠላዋን እያስተካከለች ወጣች። ገና መልሴን ሳልጨርስ የፊት ለፊቱን በር ስታንኳኳ ሰማኋት።