አምስት ላይ የቆመ ቁጥር

ልጅ ሳለሁ ሰባት ነበርን። ይህን ቁጥር ዛሬ ሳልፈራ እጽፈዋለሁ፤ ያኔ ግን በቤታችን ጮክ ብሎ የሚጠራው አልነበረም። ብርጭቆ ይቆጠራል፣ የስኳር ጆንያ ይቆጠራል፣ የሚያልፍ መኪና ይቆጠራል፤ ልጅ ግን አይቆጠርም። አንድ የበልግ ቀን ከሰባታችን አንዷን ሊያሳጣን የደረሰውም ይኸው ነው።

አባቴ ከወሎ ወርዶ ሻይ ቤት የከፈተው ከአዋሽ ወደ መልካ ወረር በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ከሁለቱም በራቀ ቦታ ላይ ነበር። ትምህርት ቤት በእግር የማይደረስበት ስለሆነ እናቴ ራሷ ታስተምረን ነበር። ስምንተኛ ክፍል ደርሳለች፤ በዚያ መንገድ ላይ ይህ ትልቅ ነገር ነው። በአንድ እጇ የሻይ ማንቆርቆሪያ ይዛ በሌላው የበርሜል ክዳን ላይ በከሰል ትጽፍልናለች። ሾፌር ሲገባ ትምህርቱ ይቋረጣል፣ ሲወጣ ይቀጥላል። ማንበብ የለመድነው ከጭነት መኪኖች ጎን ላይ ነው፤ መደመርን ከሰሌዳቸው። አንዱ ሲያባዛ፣ አንዱ ሲያለቅስ፣ አንዷ ከጓዳ ፍየል ስታባርር ቀኑ ይመሻል። በበልግ ሙቀቱ ሲበረታ ደግሞ ክፍላችን ከቤቱ መቶ አርባ እርምጃ ርቆ ወዳለው ደረቅ ወንዝ ይዛወራል። ከግራሩ ጥላ ስር ያለው አሸዋ ደብተራችን ነበር፤ በጣት ይጻፍበታል፣ በመዳፍ ይጠፋል፣ ገጹ አያልቅም።

ምሽቱ ግን የአክስቴ ነበር። አክስቴ ዘሃራ የአባቴ ታላቅ እኅት ናቸው፤ ባላቸው ከሞቱ በኋላ ከእኛ ጋር ሊኖሩ መጡ። መግሪብ ተሰግዶ ፋኖሱ ዝቅ ሲል፣ የሻዩ ምድጃ ፍም ገና አመድ ሳይለብስ፣ ዙሪያቸውን እንኮለኮላለን። የእንጨቱ ጭስ ዓይናችንን እየቆጠቆጠን፣ እሳቸው ፍሙ ላይ ትክ ብለው፣ ለራሳቸው የሚያወሩ ይመስል ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይጀምራሉ።

ከሁሉ የሚያስፈራኝ የደረቁ ወንዝ ጂኒ ተረት ነበር። ይህ ጂኒ አፉ ሰፊ፣ ጆሮው ረጅም ነው፤ ቁጥር ግን አያውቅም። በየቤቱ ስንት ነፍስ እንዳለ ስለማያውቅ ድርሻዬን ስጡኝ ማለት አይችልም። ስለዚህ አሸዋው ላይ ጆሮውን ደፍቶ ያዳምጣል። አንዲት የማታስተውል እናት ልጆቿን በጣቷ እየጠቆመች «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት» ስትል ይሰማታል። ያን ጊዜ ከአሸዋው ይነሳና በሩ ላይ ይቆማል። «‹አራት የተባለው የኔ ነው› ይላል» ይሉ ነበር አክስቴ። የመጨረሻውን ቁጥር ነው የሚወስደው። ትንሿ ረውዳ ያኔ አራት ዓመቷ ነበር፤ ጭኔ ላይ ተኝታ ስትተነፍስ ይሰማኛል። እኔ የመጀመሪያው ነኝ፣ እሷ የመጨረሻዋ። ብንቆጠር የሚወሰደው ማን እንደሆነ ለማስላት በርሜል ክዳን አላስፈለገኝም።

እናቴ ብርጭቆ እያጠበች ትሰማና፣

«እታለም፣ እኔ ቀን የገነባሁትን እርስዎ ማታ ያፈርሱታል» ትላለች።

«አንቺ ብርጭቆሽን ቁጠሪ፤ አላህ የሰጠውን ተይው።»

ያን ቀን ሻይ ቤቱ በሾፌሮች ተጨናንቆ ነበር። እናቴ የማባዛት ጥያቄ ሰጥታን ወደ ወንዙ ስትልከን፣ የአሥር ዓመት ልጅ ነበርኩና፣ ትከሻዬን ይዛ «አንተ ነህ ኃላፊ፤ ስትመለሱ ቆጥረህ አምጣቸው» አለችኝ። እሺ አልኩ።

ሰማዩ እንደታጠበ ሰሃን ንጹህ ነበር። እኛ የወሎ ሰዎች ዝናብ ከራሳችን በላይ ሲያጉረመርም ነው የምንፈራው፤ የማናየው ደጋ ላይ የዘነበ ዝናብ በጠራራ ፀሐይ እግራችን ስር እንደሚደርስ ገና አልተማርንም። መጀመሪያ የመጣው ድምፅ ነው። ተሳቢ የጎተተ መኪና መስሎኝ ወደ መንገዱ ዞርኩ፤ መንገዱ ባዶ ነበር። ከዚያ ማዶ ፍየሎች ወደ ላይ ሲሽቀዳደሙ አየሁ፤ በየጠዋቱ ወተት የምታመጣልን አፋሯ ጎረቤታችን ሐዋ ከኋላቸው ሆና በሙሉ ድምጿ ጮኸች።

«ውሃ! ውጡ! ውሃ መጣ!»

ያገኘሁትን ልጅ እጅ እየጎተትኩ፣ ያላገኘሁትን እየገፋሁ፣ ዳገቱ ላይ ወጣን። ተንጠራርቼ ጣቴን አነሳሁ። እኔ አንድ። ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት። እዚያ ላይ አቆምኩ። ስድስት ካልኩ ሰባት ይከተላል፤ ሰባት ካልኩ ደግሞ ረውዳ ናት፤ የሚያጉረመርመው ነገር ደግሞ ወንዙ ውስጥ ሆኖ እየመጣ ነው፣ እየሰማ ነው። ጣቴን አጥፌ ኪሴ ከተትኩ። እናቴ ከሻይ ቤቱ እየሮጠች ስትመጣ «ሁላችንም አለን!» ብዬ ጮህኩ።

እናቴ አላመነችኝም። ጣቷን ዘርግታ ጀመረች። «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት…»

አክስቴ ከኋላ ደርሰው እጇን ያዙ። «ተይ! እየሰማ ነው!»

«ይስማ! ይስማ እታለም!» እጇን መንጭቃ አወጣች። «አራት፣ አምስት፣ ስድስት! ስድስት ናቸው! ማን የለም?»

ዓይናችን ሁሉ ወደ ማዶ ዞረ። ረውዳ ከማዶ በኩል፣ ውሃ ሥሩን ከቦረቦረው ሌላ ግራር ስር፣ ጥላ ፈልጋ ሄዳ ተኝታለች። ነጠላ ጫማዋን ከራሷ በታች አድርጋለች።

«ሐዋ! ረውዳ! ከስርሽ! ግራሩ ስር!»

እናቴ ስትጮህ ውሃው ታጠፈና ታየ። ውሃ አይመስልም ነበር፤ ግንድና ጭቃና የሞተ ፍየል አንድ ላይ የሚንከባለሉበት ቡናማ ግድግዳ ነበር። ሐዋ በደረቷ ተንሸራታ ወረደች። እጇ ግራሩ ስር ሲገባ አየሁ፤ ከዚያ ውሃው ከፊቱ የገፋው አቧራ ሸፈናቸው፤ ከዚያ ውሃው የግራሩን ሥር በላው። ምን ያህል ጊዜ እንደቆየ አላውቅም። በሕይወቴ ስንት እንደፈጀ ያላወቅኩት ጊዜ ያ ብቻ ነው።

አቧራው ሲገለጥ ሐዋ ዳገቱ ጫፍ ላይ ተቀምጣለች፤ ረውዳን በአንድ ክንዷ እንደ ግልገል አንጠልጥላ ይዛታለች። ልጅቷ የምታለቅሰው ለጫማዋ ነበር።

ውሃው እስከ አስራ አንድ ሰዓት አልጎደለም። አራት ሰዓት ተኩል ሙሉ እያየናት ልንነካት አልቻልንም። ዳርና ዳር ተፋጠን ተቀመጥን። ሐዋ ከማዶ፣

«ዛሬ የኔ ናት! ከፍየሎቼ ጋር ጨመርኳት!» ብላ ሳቀች።

«ጨምሪያት!» አለች እናቴ። «ግን ቁጠሪያት ሐዋ! ደጋግመሽ ቁጠሪያት!»

አክስቴ አልሳቁም። ከእኛ ራቅ ብለው መሬት ላይ ተቀምጠው ከንፈራቸው ብቻ ይንቀሳቀስ ነበር።

ረውዳ ተሻግራ እናቴ እቅፍ ከገባች በኋላ ጥያቄው ወደ እኔ መጣ። «ቆጥረህ አምጣ አላልኩህም? ለምን አልቆጠርክም?» መልሱ ብዙ ነበር። ፈራሁ ማለት እችል ነበር። ጀምሬ አምስት ላይ አቆምኩ ማለት እችል ነበር። እኔ ግን ዓይኔን ወደ አክስቴ አዙሬ «አክስቴ ልጅ አይቆጠርም ብለውን» አልኩ። ውሸት አልነበረም፤ ግን ከውሸት የከፋ ነበር። እናቴ አክስቴን አየት አድርጋ ረውዳን እንዳቀፈች ወደ ቤት አቀናች።

ማታ ፍሙ ዙሪያ ተኮልኩለን ጠበቅን። አክስቴ ፋኖሱን አጠገባቸው አድርገው የተናገሩት ለእናቴ ነው።

«እኔም አራት ነበሩኝ» አሉ። «አንዲት ጎረቤት ስንት አሉሽ አለችኝ፤ አራት አልኳት። ዓመት አልሞላም፤ በሽታው ገብቶ አራቱንም ወሰዳቸው። እንግዲህ ምን ልበል?»

እናቴ ተነስታ አጠገባቸው ተቀመጠች። ያ ተረት አልነበረም፤ በተረቱ ውስጥ ያለችው የማታስተውል እናት እሳቸው ራሳቸው እንደነበሩ ያኔ ነው የገባኝ። ከዚያ ምሽት በኋላ ተረት ነግረውን አያውቁም። ረውዳ እጃቸውን እየጎተተች ስትለምናቸው «ጨረስኩ፣ ልጄ» ይላሉ። በክረምቱ ወደ ወሎ ተመለሱ፤ እዚያው አረፉ።

አሁን ሰመራ ነው የምኖረው። በእኔ ላብ የቆመ ቤት አለኝ፤ የበሩን ብሎን ሳይቀር ስንት እንደሆነ አውቃለሁ። ልጄ ሦስት ልጆቿን ቤት ውስጥ ታስተምራለች፤ ማታ ማታ እየመጡ ተረት ይጠይቁኛል። ሒሳቡን ልዘጋው እሞክራለሁ። ትርፉ ግልጽ ነው፤ አንድ እኅት፣ ከእሷም የተወለዱ ስድስት ልጆች፤ አዋሽ ከተማ ናቸው፤ እሷም ጮክ ብላ ትቆጥራቸዋለች። ኪሳራውን ግን ልሞላው አልቻልኩም። አክስቴ ከእኛ ጋር በቆዩበት ሁለት ዓመት ምሽት ሳያስታጉሉ ተረት ይነግሩን ነበር፤ እኔ ስንት እንደነገሩን አልቆጠርኩም። ሌሎቹ ጭራና ቀንዳቸው ጠፍቶብኛል። ሙሉውን የማውቀው አንዱን ብቻ ነው፤ እሱን ደግሞ ለልጆቹ አልነግርም።