እትዬ እንግዳ የሄዱ ሰሞን

ባለፈው ሰሞን ከካራቆሬ ስመለስ የተሳፈርኩበት ሚኒባስ ጀውሃ ላይ ጎማው ተንፍሶ ቆመ። ሾፌሩ ጎማ እስኪቀይር ከመንገዱ ዳር ካለች ምግብ ቤት ገብቼ ምሳዬን በላሁና እጄን ልታጠብ ስነሳ፣ አስተናጋጇ ልጅ ከሳሙናው ጋር የተገመሰ ሎሚ አቀበለችኝ። ሎሚውን በጣቶቼ መሃል ጨምቄ ሳሸው ሽታው ሽቅብ መጣ፤ ውሃው በእጄ ላይ እየወረደ ደርቄ ቀረሁ። ልጅቷ "እትዬ፣ ውሃው አለቀ እኮ፣ ልጨምርልዎት?" ስትለኝ ነው የነቃሁት። ከሃያ ዓመት በፊት፣ የዐሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ በመንደራችን እጃቸው ሁልጊዜ ሎሚ ሎሚ የሚሸት አንዲት ፈረንጅ ነበሩ።

ስማቸው ኢንግሪድ ነበር። የመንደራችን ሰው ግን ገና በመጡ በሳምንታቸው እንግዳ ብሎ ጠራቸውና በዚያው ጸና፤ ከመጡ ሠላሳ ዓመት ሊሞላቸው ጥቂት ሲቀራቸው፣ ግማሹን የመንደር ልጅ በእጃቸው አዋልደው፣ ያዋለዷቸውን ልጆች ልጆች ማዋለድ ከጀመሩም በኋላ እትዬ እንግዳ ነበሩ። ባላቸው ጋሼ ማርቲን ሰባኪ ናቸው። ከሸዋ ሮቢት ወንዙን ተሻግሮ ካለው መንደራችን ጫፍ ላይ ቤት፣ ሁለት ክፍል ክሊኒክና አንዲት የቆርቆሮ አዳራሽ ሠርተው፣ እሑድ እሑድ ከከተማ ከሚመጡ ጥቂት ሰዎች ጋር ይዘምራሉ። ከእኛ መንደር አንድም ሰው ሃይማኖቱን የለወጠላቸው የለም፤ የመስጊዳችን ሸህም ቢሆኑ በዒድ ቀን ጋሼ ማርቲንን ከጎናቸው አስቀምጠው "ይኸው እኛን ለማስገባት መጥተው እኛው አስገባናቸው" እያሉ ይስቁባቸው ነበር። እትዬ እንግዳ ደግሞ አማርኛውን አቀላጥፈው ሲናገሩ ወንድና ሴት መለየት ብቻ አልሆንላቸው ብሎ ሁሉን ሰው "አንቺ" ነው የሚሉት። ሸሁንም አንቺ ይሏቸዋል፣ አባቴንም፣ በሬውንም። ምጥ የያዛት ሴት ዘንድ ሲገቡ እጃቸውን በሳሙና ይታጠቡና ከግቢያቸው ዛፍ የቀጠፉትን ሎሚ ያሹበታል፤ የመድኃኒት ሽታ ሴቶቹን ያስፈራቸዋል ይሉ ነበር።

የዚያን ዓመት በግንቦት መጨረሻ ላይ፣ ጡረታ መውጣታቸውንና ሰኔ ሳያልቅ ወደ አገራቸው እንደሚገቡ ነገሩን። መንደሩ አዘነ። ከሁሉ ይልቅ የደነገጠችው ግን የመጨረሻ ልጇን ያረገዘችው እናቴ ነበረች። ስድስታችንንም ያዋለዷት እትዬ እንግዳ ናቸው፤ "እሳቸው ሳይሄዱ ይመጣል ኢንሻአላህ፣ የሌላ ሰው እጅ አይነካኝም" እያለች፣ ሆዷን በሁለት እጇ ደግፋ፣ ቀኑን በጣቷ ትቆጥር ነበር።

የዚያ ሰኔ ሙቀት እስከ ዛሬ ይታወሰኛል። ቅጠል አይንቀሳቀስም፤ ዶሮዎቹ ክንፋቸውን ከፍተው በጥላ ውስጥ ያለከልካሉ፤ በእኛ ላይ ሰማዩ ብራ ሆኖ ሳለ ከሰዓት በኋላ ሁሌ በደብረ ሲና ተራራ ላይ ጥቁር ደመና እየተቆለለ ያጉረመርማል፣ ወደ እኛ ግን አይወርድም። አባቴ ወደዚያ እያየ "ይሄ ነገር አላማረኝም" ይል ነበር። እኔ ደግሞ ያላማረኝ ሌላ ነገር ነበር። አንድ ቀን እናቴ እንቁላል አስይዛ እትዬ እንግዳ ዘንድ ስትልከኝ "ነይ ዘይነባ" ብለው ሳሙኝ። ዘይነባ ወደ አሊዩ አምባ የተዳረችው እህቴ ናት። ሰዓዳ ነኝ አልኳቸውና ሳቁ። አባቴ እንዴት እንደሆነ ጠየቁኝ፤ ደህና ነው አልኩ። እንቁላሉን ተቀብለው ጓዳ ገቡና ሲመለሱ እንደገና አባቴ እንዴት እንደሆነ ጠየቁኝ። ልሰናበታቸው ስነሳ በሩ ላይ እጄን ይዘው፣ በዚያው ፈገግታ፣ "አባትሽ እንዴት ነው?" አሉኝ። ጋሼ ማርቲን ከጠረጴዛቸው ቀና ብለው አዩኝ። ያስተያየታቸው ነገር ልጅ ብሆንም ገባኝ፤ አትንገሪ የሚል ነበር። ለማንም አልነገርኩም።

ስለ ጋሼ ማርቲን መንደሩ የሚቀልድበት አንድ ነገር ነበር። መጋቢት ላይ ሞሚና የምትባል ጎረቤታችን በወሊድ ደም ፈሷት እትዬ እንግዳ እጅ ላይ ሞተች። የአላህ ውሳኔ ነው ተብሎ ተቀበረች፤ የተወለደችው ልጅም አልቆየችም። ከዚያ ወዲህ ጋሼ ማርቲን ሚስታቸው ለማዋለድ በሄዱበት ሁሉ ተከትለው እየሄዱ፣ ጀርባቸውን ለበሩ ሰጥተው ከውጭ ይቀመጡና ጮክ ብለው ይጠይቃሉ። "ሕፃኑ ወጣ?" ይላሉ። "ወጣ" ይላሉ እትዬ እንግዳ ከውስጥ። "ሌላ ሕፃን በሆድ አለ?" "የለም።" "አሁን መርፌው?" "አሁን እሰጣለሁ።" የመንደሩ ወንዶች ሚስቱን ለአንድ ሰዓት መለየት የማይችል ሽማግሌ ብለው ይስቁባቸዋል። እኔ ሁለት ጊዜ ውሃ ሳመላልስ ሰምቼው ያንን ጥያቄ እንደ ትምህርት ቤት መዝሙር በቃሌ ይዤዋለሁ። የራሳቸው ቋንቋ እያላቸው ለምን በአማርኛ እንደሚጠይቁ ግን አስቤው አላውቅም። አንዴ እትዬ እንግዳ ለአክስቴ ለመዲና መርፌውን እያሳዩ ሲያስረዷት ሰምቻለሁ፦ "ይሄ ማህፀንን እንደ ጡጫ ይጨብጣል። ልጅ ከወጣ በኋላ ደም ያቆማል። ልጅ ውስጥ ካለ ግን እናቲቱንም ልጁንም ይገድላል።"

ሊሄዱ ዘጠኝ ቀን ሲቀራቸው ጋሼ ማርቲን የጉዞ ወረቀት ለመጨረስ አዲስ አበባ ሄዱ። በሚመለሱበት ቀን ገበያ ነበርና አባቴም፣ የመንደሩም ሰው አብዛኛው ወንዙን ተሻግሮ ሸዋ ሮቢት ወርዷል። ረፋዱ ላይ እናቴን ምጥ ያዛት። አክስቴ መዲና እትዬ እንግዳን ጠርታ ይዛቸው ስትመለስ ከወንዙ በኩል ከባድ መኪና ድልድይ ላይ የሚሄድ የመሰለ ድምፅ ተሰማ፤ ወጥተን ስናይ ደጋ ላይ ከዘነበው የመጣ ጎርፍ፣ ቀይ ሆኖ ግንድና የሞተ ፍየል እያንከባለለ፣ ደረቅ የነበረውን አሸዋ ከዳር እስከ ዳር ሞልቶታል። በወዲያኛው ዳር ከገበያ የሚመለስ ሰው ተኮልኩሎ ይታያል። ከመሃሉ ነጭ ባርኔጣቸውን ያደረጉት ጋሼ ማርቲን ነበሩ። እትዬ እንግዳን ከነቦርሳቸው ከእኛ ጋር ሲያዩ ሁለት እጃቸውን አንስተው ያወናጭፋሉ፣ ይጮሃሉ፤ ውሃው ድምፃቸውን ይውጠዋል። እኛን ሰላም የሚሉን መሰለኝና እኔም እጄን አወዛወዝኩላቸው።

እትዬ እንግዳ ገብተው ታጠቡ፣ ሎሚውን አሹ። አክስቴ እናቴን ከኋላ ደግፋ ይዛታለች፤ እኔ የፈላ ውሃ ይዤ ልውጣ ልግባ እያልኩ ጥግ ላይ ቆሜያለሁ። እናቴ ስታምጥ ብዙ ቆየች። ፀሐዩ ቆርቆሮውን እያስጮኸው ነበር። በመካከሉ እትዬ እንግዳ እጃቸውን ከእናቴ ሆድ ላይ አነሱ። ግድግዳውን ትንሽ አዩና፣ የሆነ ነገር ትዝ እንዳለው ሰው፣ ፈጠን ብለው ቦርሳቸውን ከፈቱ፤ ብልቃጡን ሰብረው መርፌውን ሞሉ፣ ወደ ብርሃን አንስተው አየሩን አወጡ። እጃቸው እንደ ድሮው ነበር፤ አይንቀጠቀጥም። የእናቴን ጭን በጥጥ ጠረጉ።

የአክስቴን ፊት አየሁ፤ እጅግ ታምናቸዋለች፣ ምንም አልታያትም። እናቴ ዓይኗን ጨፍናለች። ትልቅ ሰው ይሳሳታል ብሎ መናገር በእኛ ቤት ነውር ነው፤ ያውም እትዬ እንግዳን፣ ያውም እኔ። ከአፌ የወጣው ግን የጋሼ ማርቲን ጥያቄ ነበር።

"ሕፃኑ ወጣ?"

እትዬ እንግዳ እጃቸው አየር ላይ ቆመ። አዩኝ። ከዚያ የእናቴን ሆድ አዩ፣ ከዚያ መርፌውን። ፊታቸው ላይ ያየሁት ፍርሃት እስከ ዛሬ በሌላ ሰው ላይ ገጥሞኝ አያውቅም።

"አልወጣም" አሉ በቀስታ።

መርፌውን አጎንብሰው በሁለት እጃቸው አቀበሉኝ። "ያዢልኝ። ብለምንሽም አትስጪኝ። አንቺ ጠይቂኝ፣ እኔ እመልሳለሁ።"

እናቴ "ምንድን ነው?" አለች በድካም። "ምንም አይደለም ከድጃ፣ አምጪ" አሏት።

ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ በዚያ ጥያቄ ነው የሆነው። ልጁ ሲመጣ እትብቱ አንገቱ ላይ ተጠምጥሞ ነበር፤ እትዬ እንግዳ ሳያስቡ፣ የማገዶ እስር የሚፈቱ ያህል፣ በአንድ ጣታቸው አላቀቁት። አለቀሰ። አክስቴ "አልሐምዱሊላህ!" ብላ ጮኸች። እኔ መርፌውን እንደያዝኩ ሕፃኑ ወጣ ወይ አልኩ፤ ወጣ አሉ። ሌላ በሆድ አለ ወይ አልኩ፤ ሆዷን ዳብሰው የለም አሉ። አሁን መርፌው አልኳቸውና ሰጠኋቸው። እናቴ ብዙ ደም ሳይፈሳት ተኛች። ወንድሜ ነበር፤ አሁን ከእኔ በስንዝር ይረዝማል።

ጎርፉ ጎድሎ ሰው መሻገር የጀመረው ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ነው። ጋሼ ማርቲን ሱሪያቸው እስከ ወገባቸው ጭቃ ሆኖ እየሮጡ ግቢያችን ገቡ። እትዬ እንግዳ ደጃፋችን ካለው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ነበር፤ አጠገባቸው እኔ ብቻ ነኝ። በየትኛው ቋንቋ እንደሚናገሩ የረሱ ይመስል ለባላቸው በአማርኛ ነው የነገሯቸው።

"ማርቲን፣ ዛሬ ከድጃን ልገድላት ነበር። ይህች ልጅ ናት የያዘችኝ።"

ጋሼ ማርቲን መሬት ላይ ተቀመጡ።

"ሞሚናንም እኔ ነኝ?"

"አላውቅም" አሉ። "እኔ እዚያ አልነበርኩም፣ አላውቅም።"

"ጠርጥረሽ ነበር ግን" አሏቸው፤ እሳቸውንም አንቺ ነበር የሚሏቸው። ጋሼ ማርቲን ወደ እኔ ዞሩና "ነገ ለሞሚና ባል እነግረዋለሁ" አሉ፤ ከእኔ ፈቃድ የሚጠይቁ ይመስል ነበር።

በማግሥቱ ሲሄዱ አየኋቸው። ከሞሚና ባል ጋር ከቤቱ ፊት ካለው ዛፍ ሥር ብዙ ተቀመጡ፤ ሲመለሱ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው ነበር። ነግረውታል ብዬ ልቤ ዐረፈ። ከሁለት ቀን በኋላ ሰውዬው አባቴ ዘንድ መጥቶ "እኚህ ሽማግሌ እንዴት ያለ ሰው ናቸው፤ ሊሰናበቱኝ መጥተው እንደ ሕፃን አልቅሰው፣ አንድ ቃል ሳይወጣቸው ሄዱ" ሲል ሰማሁ።

መሄጃቸውን አፋጥነውት ነበርና የመሰናበቻው ግብዣ ሳይደረግ ቀረ። መኪናዋ ስትመጣ ግን መንደሩ አንድም ሳይቀር ወጣ። ሸሁ ዱዓ አደረጉ። እናቴ ሕፃኑን ታቅፋ ቀረበች፤ እትዬ እንግዳ አገጩን ነክተው "ይህች የማን ናት?" አሉ፤ እንደ ወትሮው ቀልድ መስሎት ሰው ሁሉ ሳቀ። እናቴም ሳቀች። በመጨረሻ የሞሚና እናት እማማ ዘምዘም በምርኩዛቸው መጡና የእትዬ እንግዳን ሁለት እጅ ይዘው ሳሙ፤ መዳፉን፣ ጀርባውን፣ ጣቶቹን። "ልጄ ስትሞት አልተለየሻትም፣ አላህ አይለይሽ" እያሉ። እትዬ እንግዳ ፈገግ ብለው ያዳምጣሉ። ሴትየዋን አላወቋቸውም። ጋሼ ማርቲን በሰው ራስ ላይ አሻግረው አዩኝ፣ እኔም አየኋቸው፤ ከዚያ የመኪናውን በር ከፈቱ።

ዛሬ መንደራችን ጤና ጣቢያ አለው፤ ድልድይም አለው፤ ወንዙ ሲሞላ አምቡላንስ ይሻገራል። የቆርቆሮው አዳራሽ የሽንኩርት መጋዘን ሆኗል። እናቴ እስከ ዕለተ ሞቷ ስለ እትዬ እንግዳ ጥሩነት ስታወራ፣ እኔ ምክንያት ፈልጌ ከቤት እወጣ ነበር፤ እሷ እንደወደደቻቸው አድርጌ፣ አጥርቼ፣ ልወዳቸው ሳልችል ቀርቻለሁ። እወዳቸዋለሁ፤ ግን ሁሌ ከዚያ ከመርፌው ጋር ነው የማያቸው።

እማማ ዘምዘም ዛሬም አሉ። ዓይናቸው ጠፍቷል። አገር ቤት በገባሁ ቁጥር ልጠይቃቸው እሄዳለሁ፤ አጠገባቸው አስቀምጠው፣ እጄን በእጃቸው ላይ አድርገው፣ "አንቺ የተማርሽ ነሽ፣ ስልክም አለሽ፤ እስኪ እትዬ እንግዳ በሕይወት ይኑሩ እንደሆን አጠያይቂልኝ፣ በየሰላቱ ዱዓ አደርግላቸዋለሁ" ይሉኛል።

"እጠይቃለሁ እማማ" እላቸዋለሁ። ጠይቄም አላውቅም።