ማንም ሳይሞት የተነፋው ጡሩምባ

በሕይወቴ ሁለት ዳገት ወጥቻለሁ። አንደኛው ሰሜን ነው፤ ያኔ ወታደር ነበርኩ፣ የሬዲዮ ኦፕሬተር። ሁለተኛው እዚሁ የካ፣ ከሰፈራችን ወደ እንጦጦው ቤተ ክርስቲያን የሚያወጣው ነው። የልጅ ልጆቼ ስለ አንደኛው ንገሪን ይላሉ። እኔ የምነግራችሁ ሁለተኛውን ነው።

ክረምት ነበር። የባለቤቴን አስከሬን ይዘው ሲወጡ ተሸካሚዎቹን አዳለጣቸው። ሳጥኑ ከነቃሬዛው ጭቃ ላይ ወደቀ። ከሐዘኑ በኋላ፣ «ድንጋይ ደርድረን ደረጃ እንሥራ» አልኩ። የእድራችን ዳኛ ደምሴ፣ «ይሄን ዳገት? የመንግሥት ሥራ ነው፤ እንጠብቅ» አለ። ጠበቅን። እኔም ዳገቱን ሽቅብ እያየሁ እመለስ ነበር። ሁለት ክረምት አለፈ።

አንድ ቅዳሜ ማለዳ የሻምበላችን ቃል ትዝ አለኝ፦ «ተራራውን አትዩ። ከፊታችሁ ያለውን ድንጋይ ያዙ።» ወደ እድሩ ጡሩምባ ነፊ ወደ አያሌው ሄድኩ። በእኛ ሰፈር ጡሩምባ የሚነፋው ሰው ሲሞት ብቻ ነው።

«ንፋ!»

«እማማ፣ ማን ሞተ ልበል?»

«አንተ ንፋ!»

ነፋ። ሰው ነጠላውን እያዘቀዘቀ ወጣ። «ማነው? ማነው የሞተው?»

«ማንም! አንድ ቀን እንኳ ሰው ሳይሞት እንውጣ። ዶማ ያዙ!»

ግማሹ ረግሞኝ ተመለሰ። ደምሴ፣ «አንቺ ሴትዮ፣ በሞት ይቀለዳል?» ብሎ ቅጣት ጣለብኝ። ከቀሩት ጋር የመጀመሪያውን ደረጃ ተከልን። ጠማማ ነበር።

በየቅዳሜው ጠዋት ተሰለፍን። ድንጋይ ወደ ላይ። አፈር ወደ ታች። ማርቆስ የሚባል የጋሞ ሰው አብሮን ነበር፤ መገናኛ ጭነት የሚያወርድ ተከራይ፣ ከቅዳሴ የማይቀር። ከሁላችን የበለጠ ይሸከማል።

«እማማ፣ ጦሩ የት ደረሰ?» ይለኛል።

«የደምሴ በር ላይ። ከበነዋል!»

ደምሴ በሩን ከፍቶ ወጣ። እያጉረመረመ አካፋ ያዘ።

ሐምሌ ላይ ጎርፍ መሃሉን ጠረገው። አፈገፈግን። ቦይ ቆፈርን። መስከረም ላይ መልሰን ያዝነው። በዓመቱ፣ ጥምቀት ሳይደርስ፣ የቤተ ክርስቲያኑን በር ነካን።

በዐቢይ ጾም ማርቆስ ታሞ ሞተ። ደምሴ አንገቱን ደፍቶ፣ «የእድሩ አባል አልነበረም። ደንቡ ጡሩምባም ቃሬዛም አይፈቅድለትም» አለ።

ጠማማው ደረጃ ላይ ቁጭ አልኩ።

«ድንጋዩን ሲሸከም ደንቡ የት ነበር? ወይ እሱ ያልፍበታል፣ ወይ ማንም አያልፍበትም። እኔም ብሞት!»

ደምሴ ወደ አያሌው ዞረ።

«ንፋ» አለው።

ቃሬዛውን ከፊት የያዘው ራሱ ደምሴ ነበር።

ደረጃውን ከሠራነው መካከል እስካሁን ሦስት ሰዎች ሞተዋል፤ ማርቆስ፣ አያሌው፣ ደምሴ። ሦስቱም በዚያው ወጡ። አንዱም አልወደቀም። በሰሜኑ ዳገት የቀሩትን ጓዶቼን ግን የተሸከማቸው የለም።

ወጣቶቹ ጠማማውን ደረጃ እናቃናው ይላሉ። አላስነካም። እኔን ስታወጡ እዚያ ጋ እግራችሁን አንሱ።